አባ ኮስትር በላይ ዘለቀና የባላገር የውጊያ ጥበብ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በሚገኘው ገጠር የባላገር ልጅ ከፊደል ገበታ አስቀድሞ የሚጨብጠው ዱላ ነው። ከብት ሲጠብቅ ዱላ ይይዛል፤ ገበያ ሲወርድ ዱላውን በትከሻው ያጋድማል፤ ወንዝ ሲሻገር የውሃውን ጥልቀት በዱላው ይለካል፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር በሽመል ይጫወታል። በዚህ ጨዋታ መካከል ማንም መምህር ሳይሾምለት ብዙ ነገር ይማራል። የሚመጣበትን ምት በዱላው ወገብ መመከትን፣ ዳገቱን ለራሱ ይዞ ቍልቍለቱን ለባላጋራው መተውን፣ ፀሐይዋን ከጀርባው ማድረግን ይማራል። ከሁሉ ይልቅ ግን ብዙ ሰው በመጣበት ጊዜ ጀርባውን ለቋጥኝ ወይም ለዋርካ ሰጥቶ፣ የሚመጡት ሁሉ አንድ በአንድ ብቻ እንዲደርሱበት ማድረግን ይማራል። ከቡሬ ወደ እንጅባራ አለፍ ብለን በአገው ምድር ያየን እንደ ሆነ ደግሞ ፈረሰኛው በጉግስ ዘንግ ሲወረውርና የሚባረረው በጋሻው ሲመክት እናገኛለን። ይህ ሁሉ ዛሬ ጨዋታ ነው፤ ጥንት ግን የሕይወት ጉዳይ ነበረ።

በግቢያችን ውስጥ ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አሳብ ሲሰነዘር እንሰማለን። አንደኛው ወገን የአያቶቻችን ጥበብ ለበዓል ማድመቂያ ካልሆነ በቀር ለምንም አይረባም፤ ራሱን ለመከላከል የሚፈልግ ሰው ጁዶና ካራቴ ይማር ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በአገር ፍቅር ስሜት ተነሣሥቶ፣ ሽመል የያዘ ጎጃሜ ማንንም ይጥላል እያለ ይፎክራል። እኛ በሁለቱም አንስማማም። ጥበቡ የሚመዘነው በፉከራ ሳይሆን እውነተኛ አደጋ በመጣ ጊዜ ምን እንደ ሠራና ምን ሊሠራ እንዳልቻለ በማየት ነው። ይህንንም ለማየት የአንድ ሰው ሕይወት ይበቃናል ብለን ደጃዝማች በላይ ዘለቀን መርጠናል። በላይን እንደ ሹመቱ አንቱ ማለት በተገባን ነበር፤ ነገር ግን የጎጃም ሕዝብ ስሙን የሚጠራው እንደ ገዛ ልጁ ነውና እኛም ሕዝቡን ተከትለናል።

አንባቢ የዳሞትን ልጆች ዱላ አንሥታችሁ የቢቸናን ሰው ለምን ታመጣላችሁ ይለን ይሆናል። በላይ በእርግጥ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ነው፤ ከቡሬ እስከ ቢቸና ያለው የእግር መንገድም የብዙ ቀን ነው። ይሁን እንጂ የበላይ የፈረስ ስም አባ ኮስትር በዳሞት ቀረርቶ ውስጥም እንደ አገር ልጅ ስም ይጠራል። ደግሞም በቢቸናና በቡሬ መካከል የንግግር ቃና ይለይ እንደ ሆነ ነው እንጂ የዱላ አያያዝ አይለይም።

የበላይ አባት ባሻ ዘለቀ ላቀው ይባላሉ፤ የቢቸና ሰው ሲሆኑ የልጅ ኢያሱ ባለሟል ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ ጣይቱ አሰኔ ደግሞ ከዓባይ ማዶ የወሎ ቦረና የጫቀታ ተወላጅ ናቸው። ልጁም ወንዙን በሁለት ወገን የያዘ ዘመድ ይዞ ተወለደ ማለት ነው። ይህ ነገር ኋላ ከብዙ ጠመንጃ ይልቅ ጠቅሞታል። ልጅ ኢያሱ በመስከረም ወር 1909 ዓ. ም. ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ባሻ ዘለቀም የጌታቸው ዕድል ደረሰባቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ የአዲሱ መንግሥት ሰዎች ሲጠሯቸው አልሄድም አሉ። ጦር ተላከባቸው፤ ሲታኰሱ ተገደሉ። ልጆቻቸው በላይና እጅጉ ይህን ሲያዩ ገና ለጋዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልገናል። በአገራችን ልማድ አባቱ የተገደለበት ልጅ ዱላ የሚማረው ለጨዋታ አይደለም። ደም መላሽ መሆን ይጠበቅበታል፤ ካልመለሰም በገበያና በለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ስለዚህ የበላይ የልጅነት ትምህርት ከሌላው ልጅ የሚለየው በዓላማው ነበር። በእናቱ አገር በጫቀታ ሲያድግ ዒላማ መተኰስና ዓባይን በዋና መሻገር ይለማመድ እንደ ነበረ ይነገራል። በጕልማሳነቱም ሸፍቶ በበረሃው ኖረ። የዓባይን በረሃ ዋሻና ጠባብ መንገድ፣ ውሃ የሚገኝበትንና የማይገኝበትን፣ ንዳድ የሚበዛበትን ወራት ሁሉ ያወቀው በዚህ ጊዜ ነው። በኋላ ዘመን አርበኛ ብለን ያከበርነው ሰው ጥበቡን የተማረው በሽፍትነት ትምህርት ቤት መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም።

በ1928 ዓ. ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የነበረው የኃይል ልዩነት እንዴት ያለ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። በአንድ ወገን አውሮፕላን፣ መድፍ፣ መትረየስና የመርዝ ጢስ ነበረ፤ በሌላው ወገን ውጅግራና ምንሽር፣ ያም ያልደረሰው ጦርና ጎራዴ ይዞ የወጣ ሕዝብ ነበረ። በሰሜን ጦር ግንባር ያለ ከለላ በሜዳ ላይ የተሰለፈው ጀግና ሁሉ በመትረየስ ታጨደ። ጋሻ ጦር ይመክታል፤ ጥይትን ግን አይመክትም። የጥንቱ ጥበብ በዚያ ጊዜ ሞተ ቢባል ማንም ሊከራከር ባልቻለ ነበር።

ነገር ግን የሞተው መሣሪያው እንጂ ብልሃቱ አልነበረም። በላይ ከወንድሙና ከጥቂት ዘመዶቹ ጋር ሲነሣ በመጀመሪያ የቸገረው ጠመንጃ ነው። ጠመንጃና ጥይት የሚገኘው ደግሞ ከጠላት እጅ ብቻ ነበረ። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራው መንገድ ላይ አድፍጦ የጠላትን መሣሪያ መንጠቅ ሆነ። በተነጠቀው ጠመንጃ ሌላ ሰው ይታጠቃል፤ የታጠቀው ሰው ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ይነጥቃል። ባዶ እጁን ያለ ሰው ዱላ የያዘውን ሲገጥም ዱላውን መቀማት የመጀመሪያ አሳቡ እንደሚሆን ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ቦታውን አስቡት። ከደጀን ደጋ ጫፍ እስከ ዓባይ ውሃ ድረስ ያለው ቍልቍለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ከላይ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ከታች ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ አንድ በቅሎ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሠራዊት አምስት መቶም ይሁን አምስት ሺህ እንደ ክር ተስቦ አንድ በአንድ ለመሄድ ይገደዳል። መድፉ በአጋሰስ ላይ ተጭኗል፤ መትረየሱን አውርዶ ለመትከል ጊዜ ያስፈልጋል። እንግዲህ ጀርባውን ለቋጥኝ ሰጥቶ ብዙዎቹን አንድ በአንድ የሚቀበለውን የሽመል ተጫዋች አስታውሱ። የዓባይ በረሃ ለበላይ ያ ቋጥኝ ሆነለት። እሱ ራሱ ቦታውን ስለ መረጠ የጠላት ብዛት ዋጋ አጣ።

ርቀቱም እንዲሁ ነው። ጥይት ውድ ስለ ነበረ አርበኛው ከሩቅ አይተኵስም፤ ጠላት እስኪቀርብ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ሲቀርብ ይተኵሳል፤ ወዲያውም ጎራዴውን መዝዞ ይገባል። ሁለቱ ወገኖች ሲደባለቁ አውሮፕላንም መድፍም ሥራ ይፈታሉ፤ የገዛ ወገናቸውን ሳይመቱ ጠላትን መምታት አይችሉምና። ነገሩ ካለቀ በኋላ ደግሞ ቶሎ መሰወር ነው። በሥፍራው ቆሞ ድልን የሚፎክር ሰው በሚቀጥለው ሰዓት ቦምብ ይወርድበታል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ባላገሩ ለመማር ጥቂት እንደ ተቸገረ እንገምታለን፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ከድል በኋላ አለመፎከር ከድሉ ይልቅ ይከብዳል።

የጎጃም ሕዝብ በ1930 ዓ. ም. በሙሉ ተነሣ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ጣሊያን ሕዝቡን ትጥቅ ለማስፈታት መሞከሩ ነበር። ከባላገር ጠመንጃውን መውሰድ ራሱን የሚከላከልበትን ብቻ ሳይሆን ሰው የሚባልበትን መውሰድ እንደ ነበረ ገዥዎቹ አልገባቸውም። በምዕራብ በኩል እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሲነሡ፣ በላይ ቢቸናንና የዓባይን በረሃ እስከ ወሎ ቦረና ያዘ። እነዚህ አለቆች ሁልጊዜ አይስማሙም ነበር፤ አንዳንዴም እርስ በርሳቸው ይጠባበቁ ነበር። የመሳፍንት ዘር ያላቸው እነሱ፣ ዘር የማይቈጠርለት የባሻ ልጅ እኩል ሆኖ ሲነሣ ደስ እንዳላላቸው መገመት አያዳግትም።

በላይ በያዘው አገር ዳኛ ሾመ፤ ስንቅ የሚሰበሰብበትን ሥርዓት አቆመ፤ ለተከታዮቹም የማዕርግ ስም ሰጠ። ራስ ያለው አለ፤ ደጃዝማች ያለው አለ፤ ፊታውራሪና ቀኛዝማች ያለውም ብዙ ነው። እሱ ራሱ ግን ልጅ በላይ እንደ ተባለ ቀረ። ለምን እንደዚህ እንዳደረገ ሲጠየቅም እናቱ ከሁሉ በላይ እንዲሆን አስቀድማ በስሙ ስለ ሾመችው ሌላ ሹመት አያስፈልገኝም ማለቱን ሕዝቡ እስከ ዛሬ ድረስ እየሣቀ ይናገራል። እኛ ግን ከቀልዱ በስተጀርባ አንድ ከባድ ነገር አለ እንላለን። ማዕርግ መስጠት የንጉሥ ሥራ ነው፤ ንጉሡም በዚያ ጊዜ በስደት ላይ ነበሩ። ሲመለሱ ያ የበረሃ ራስና ደጃዝማች ሁሉ ምን ሊሆን ነው?

በ1933 ዓ. ም. ጥር ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ይመራው የነበረው ጦር ከሱዳንና ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች የተውጣጣ ሲሆን ብዛቱ ከ2,000 አይበልጥም ነበር። በቡሬ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ኃይል ግን ከዚህ እጅግ የበዛ ነበረ። ይሁን እንጂ ጥቂቶቹ በሌሊት እየተዛወሩ ከብዙ ወገን በመተኰስ ብዙ መስለው ታዩ። በፍቅር እስከ መቃብር የምናውቃትን ማንኩሳን ከበው ሲያስጨንቁ፣ የቡሬው አዛዥ ከኋላው ያለው መንገድ የሚዘጋበት መስሎት ምሽጉን የካቲት 25 ቀን ለቆ ወጣ። በዚያን ጊዜ ወጀት ትባል የነበረችውን የዛሬዋን ፍኖተ ሰላም አልፎ ወደ ደምበጫ ሸሸ። በሁለተኛው ቀን በጨረቃ ወንዝ አጠገብ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ምቹ ቦታ ሳይዝ በሚሸሸው ሠራዊት መንገድ ላይ ተገኘና ብርቱ ውጊያ ተደረገ። ጠላትን ብዙ ሰው ቢገድልበትም የራሱም ሰው አለቀ፤ ጠላትም ጥሶ አለፈ። በሁለት ቀን ልዩነት በአንድ መንገድ ላይ የተደረጉት እነዚህ ሁለት ነገሮች የቦታን ነገር ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያስረዳሉ። ጃንሆይ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ።

በዚሁ ሰሞን በላይን የሚያስወቅስ ነገር ተፈጸመ ይባላል። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣሊያን ጦር ዓባይን የሚሻገረው በበላይ በረሃ በኩል ነበር። ከአምስት ዓመት ጀምሮ ሲጠባበቀው የነበረ አጋጣሚ በእጁ ገባ ማለት ነው። ጦሩ ግን በሰላም ተሻገረ። የእንግሊዝ መኮንኖች ሲጽፉ፣ ለጣሊያን አድረው የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ዘመዳቸውን እንድርልሃለን ብለው በላይን ስላታለሉት ነው ይላሉ። የሚጽፉት የራሳቸውን ጦር ያደከመባቸውን ነገር ለማስረዳት ስለ ሆነ ቃላቸውን እንዳለ መቀበል አይገባም። ነገሩ እውነት ከሆነ ግን የሚያስገርም አይደለም። በላይን በጥይት ያላሸነፈው ጠላት ዘር በማጣቱ ቍስል በኩል ገባበት ማለት ነው፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ አማች መሆን ለባሻ ልጅ ትንሽ ነገር አልነበረም። ማንም ሰው ራሱን የማይከላከልበት አንድ ወገን አለው።

ከነፃነት በኋላ በላይ ደጃዝማች ተባለና የቢቸና ገዥ ሆነ። ይህ ሹመት ለበረሃው ጌታ አነሰበት። ከእሱ ያነሰ የደከሙ፣ ጥቂቶችም ከጠላት ጋር የነበሩ ሰዎች የተሻለ ቦታ ሲያገኙ አየ፤ የጎጃምን ጠቅላላ ግዛትም ደጃዝማች ኃይሉ በለው ራስ ተብለው ያዙት። እሱ ራስና ደጃዝማች ብሎ የሾማቸው ተከታዮቹም ማዕርጋቸው እንደ ጉም በነነ። መካሰስና መወነጃጀል ተጀመረ። ከበላይ ሲጠሩት የማይመጣ ሆነ። እኛ ይህን ስናነብ የባሻ ዘለቀን መጨረሻ ሳናስታውስ ማለፍ አልቻልንም፤ አባቱም የመንግሥት ጥሪ መጥቶባቸው እምቢ ያሉ ሰው ነበሩና። ጥሪ ሲመጣ ተራራ መያዝ እንደሚገባ በላይ የተማረው በለጋነቱ ነው።

በ1935 ዓ. ም. የመንግሥት ጦር ዘመተበት። እሱም የሚያውቀውን አደረገ፤ ሶማ የሚባለውን አምባ ይዞ ተከላከለ። አሁንም ቦታው ከፍ ያለ ነው፤ መግቢያው ጠባብ ነው፤ የሚመጣውም አንድ በአንድ ነው የሚደርሰው። ለወራት ያህል ያዘው። ነገር ግን በአምስቱ ዓመት ውስጥ የነበረው አንድ ነገር በዚህ ጊዜ አልነበረም። ያን ጊዜ ገበሬው ስንቅ ያቀብለው፣ ሴቲቱ ከገበያ ወሬ ታመጣለት፣ ተኵሶ ሲሰወርም መንደሩ ሁሉ ይደብቀው ነበር። አሁን የከበበው ባዕድ ሳይሆን ከጎረቤቱ የመጣ፣ ከእሱ ጋር የዘመተ ሰው ጭምር ነው። መውጫ የሌለው ምሽግ ደግሞ ወኅኒ ቤት ማለት ነው። የሽመል ተጫዋች ጀርባውን ለቋጥኝ የሚሰጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰው መጥቶ እስኪገላግል ድረስ። በሶማ ላይ የሚገላግል ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር ብለን እናምናለን። በመጨረሻ እጁን ሰጠ።

አዲስ አበባ ላይ ተፈርዶበት ሞት ተበየነበት፤ ፍርዱም ወደ እስራት ተለወጠለት። ወኅኒ ቤት ውስጥ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ተገናኘ። ልጅ ማሞ በወረራው ዘመን ለጣሊያን ተሰልፎ አርበኞችን ይወጋ የነበረ ሰው ነው። ሁለቱ የትናንት ጠላቶች ተማክረው ከእስር ቤት አመለጡ፤ ብዙም ሳይርቁ ተያዙ። ከዓባይ ጠረፍ ውጭ፣ በማያውቀው አገር፣ ስንቅ የሚያቀብለው ዘመድ በሌለበት፣ የበላይ ጥበብ እንደ ማንኛውም ሰው ጥበብ ሆነ። ጥር 4 ቀን 1937 ዓ. ም. በላይ፣ ወንድሙ እጅጉና ልጅ ማሞ በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ለአገር የተዋጋውና አገርን የወጋው በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ገመድ ሞቱ። የመንግሥቱን ምክንያት እንረዳለን፤ በየበረሃው ራስ የሚሾም ሰው ባለበት አገር ሕግ አይጸናም። ሆኖም ባንዶች ምሕረት ባገኙበት አገር ለዚህ ሰው ምሕረት መጥፋቱን ሕዝቡ አልረሳም፤ እኛም የምንረሳበት ምክንያት አይታየንም።

ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ አንድ ትልቅ መንገድ፣ በባሕር ዳርም የአውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ተጠራ። አውሮፕላን ሲሸሽ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ መታሰቢያ ነው።

በላይ ከተሰቀለ ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ. ም.፣ አዲሱን የእርሻ ግብር በመቃወም የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ተነሡ፤ ነገሩም እስከ ዳሞት ድረስ ተዛመተ። ጠመንጃቸውን ይዘው የሚያውቁትን አምባና ሸለቆ ያዙ። መንግሥቱ ፖሊስና ወታደር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በዚህ ጊዜ ግን ተይዞ የሚሰቀል አንድ አለቃ አልተገኘም፤ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ሰው መርጦ ነበርና። ጃንሆይ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴን ከጎጃም አነሡ፤ የተጠራቀመውንም ውዝፍ ግብር ማሩ። ገበሬዎቹም እንደ ገና ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ ጠመንጃቸውን ግን ይዘው ነው።